የይዞታ ደብተራችን የመሬታችንን ከፍታ አይነግረንም
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ከእኔ በፊት የተናገሩት በሰፊው አንስተዋል። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ሲወጣ በላዩ ያለው እርሻ እንዴት እንደሚሰምጥ፣ መስመጡን እንዴት እንደምንከታተልና የተጎዳውን እንዴት እንደምንጠግን እናገራለሁ። እኔ የማዕድን ባለሙያ አይደለሁም። በግብርና ኮሌጅ የተማርኩት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ቆሜ ነው።

ርእሱ ለምን አስፈለገ? በአገራችን በጭልጋ፣ በውጫሌ፣ በሙሽ ሸለቆ፣ በያዩ፣ በደልቢ-ሞዬና በሌሎችም ቦታዎች የድንጋይ ከሰል መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ከውጭ በሚገባ ከሰል ሲሠሩ ቆይተዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንግሥት ይህን በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት በሰፊው ይንቀሳቀሳል። ይህ ለአገር ጥቅም ነው፤ ለወጣቶቻችንም ሥራ ይሆናል። ይሁን እንጂ አባሎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከላይ ገልጠው ካወጡት መሬቱ ተወሰደ ይባልና ካሳ ይታሰባል። ከሥር ቆፍረው ቢያልፉስ? መሬቱ በእጄ ነው፣ ግብሩንም እኔ እከፍላለሁ። ኋላ ቢሰምጥ ማንን እጠይቃለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ የሚጀምረው ደግሞ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ ልኬት ነው።

1. መሬት ለምን ይሰምጣል?

የድንጋይ ከሰል ከመሬት በታች እንደ እንጀራ ተነጥፎ የሚገኝ ንጣፍ ነው። ሲወጣ በቦታው ባዶ ክፍት ይቀራል። ቆፋሪዎች ከሁለት ዓይነት መንገድ በአንዱ ይሠራሉ። አንደኛው ከከሰሉ ከፊሉን እንደ ምሰሶ እየተዉ በመካከሉ ክፍሎች እየከፈቱ መሄድ ነው። ሁለተኛው ንጣፉን ሙሉ በሙሉ እየጠረጉ መሄድና ጣሪያው ከኋላ እንዲወድቅ መተው ነው።

በሁለተኛው መንገድ መሬቱ መስመጡ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የንጣፉ ውፍረት 2 ሜትር ቢሆን በላዩ ያለው ማሳ መሃሉ ላይ ከ1 ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። አብዛኛው መስመጥ ቁፋሮው ከሥር ካለፈ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያልቃል፤ ቀሪው በጥቂት ዓመታት ይረጋል። በምሰሶ የተሠራው ግን ተንኮለኛ ነው። ምሰሶው ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይሸራረፋል። ኩባንያው ከሄደ ከ20፣ ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ሊከዳ ይችላል። አባት ያያቸው ቆፋሪዎች ያስቀሩትን ጉዳት የልጅ ልጅ ይወርሳል ማለት ነው።

መስመጡ በላይ ሲታይ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰፊ ሰርጓዳ ነው። ማሳው እንደ ገበታ መሃሉ ዝቅ ይላል፣ በዳር ዳሩ ደግሞ አፈሩ ተወጥሮ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ድንገት የሚከፈት ጉድጓድ ነው። ይህ በብዛት የሚታየው ቁፋሮው ለላዩ ሲቀርብ፣ በተለይም ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ሲያንስ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እንደታየው እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ጥልቀታቸው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሜትር ያህል፣ አፋቸውም በብዛት ከ5 ሜትር ያነሰ ነው። ለበሬና ለልጅ ግን ይህ ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉዳቱ ከቁፋሮው ቀጥታ በላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ጎንም ይሰፋል። ቁፋሮው በ100 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆንና መስፋቱ በ35 ዲግሪ ቢሰላ ከቁፋሮው ዳርቻ 70 ሜትር ወዲህ ያለ ማሳም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ «የእኔ መሬት በካርታው ውስጥ የለም» ብሎ መተኛት አይገባም።

2. ከእኛ በፊት የደረሰባቸው ምን አደረጉ?

ኢሊኖይ በቆሎና አኩሪ አተር የሚመረትበት ሜዳማ የእርሻ አገር ነው፤ ከሥሩም የድንጋይ ከሰል በሰፊው ተነጥፏል። በሜዳ ላይ ጥቂት ዝቅታ እንኳ ውሃ ያስተኛል። የበቆሎ ማሳ ከሥሩ ሲቆፈር ዝቅ ባለው ክፍል ውሃ እየተኛ ሰብሉን አጠፋው፤ በተቀረው ማሳ ላይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1985 የገበሬዎቹ ማኅበርና የከሰል አምራቾቹ ማኅበር ባቀረቡት ጥያቄ የግዛቲቱ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የሚያስተባብረው የምርምር ፕሮግራም ተጀመረ። እዚህ ላይ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ትልቅ ትምህርት አለ። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጮህ «ውሃው ድሮም ይተኛ ነበር» ይባላል። በማኅበር ሲጠየቅ ግን ባለሙያ ወደ ማሳው ይመጣል። በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ ደግሞ ከመሬት በታች የሚቆፍር ድርጅት የተጎዳ መኖሪያ ቤትን እንዲጠግን ወይም እንዲክስ፣ የደረቀ የመጠጥ ውሃንም እንዲተካ ያስገድዳል።

በጀርመን ሩር በተባለው አካባቢ አንዳንዱ ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ሰምጧል። የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቷል፤ ፓምፖቹ ግን ዛሬም ይሠራሉ። ቢቆሙ ሰፊ አካባቢ ውሃ ይሸፍነዋል። የዚያ አገር የማዕድን ሕግ አንድ ጠቃሚ ድንጋጌ አለው። ከመሬት በታች ቁፋሮ በሚነካው ክልል ውስጥ የመስመጥ ዓይነት ጉዳት ከደረሰ ጉዳቱ ከቁፋሮው የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። አይደለም የሚል ካለ ማስረዳት ያለበት ቆፋሪው ነው።

በቻይና እንደ ኋይናን ባሉ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃው ለላዩ ቅርብ በመሆኑ የሰመጠው እርሻ ሐይቅ ሆኖ ቀርቷል። ከፊሉን እያጎደጎዱ ዓሣ ያረቡበታል፣ ባወጡት አፈር ሌላውን ከፍ አድርገው ያርሱታል። ይህ ብልሃት ነው። ቢሆንም የቀድሞው እርሻ በሙሉ አልተመለሰም።

3. ስንጥቅ ሁሉ የከሰል አይደለም

ጥፋቱን ያለ ቦታው መለጠፍ ክርክራችንን ያደክማል። ስለዚህ በመጀመሪያ ስንጥቁን እንለይ።

የመረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ መረብ የተጠላለፈ ነው፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ይህ የአፈሩ ጠባይ ነው።

በተዳፋት ላይ እንደ ጨረቃ ቅርጽ የጎበጠ ስንጥቅ ታይቶ ከታች መሬቱ ካበጠ የመሬት መንሸራተት ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ መለካትም መጠገንም የለም፤ ሰውና ከብት ማሸሽ ብቻ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው አደጋ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማዳን ከተሰበሰቡ በኋላ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው።

ከቦረቦር አፋፍ ወደ ማሳው የሚገባ ጉድጓድና ቀዳዳ ደግሞ ውሃ ከሥር አፈሩን እየሸረሸረ መሄዱን ያሳያል።

የከሰል ቁፋሮ ስንጥቅ በአብዛኛው ረጅምና እርስ በርሱ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው፤ አንዳንዴ አንዱ ወገን እንደ ደረጃ ዝቅ ይላል። በዝናብ አይዘጋም። የቁፋሮውን ዳርቻ ተከትሎ ይሄዳል። ከዚሁ ጋር የቤት ግድግዳ መሰንጠቅ፣ በር አልዘጋ ማለት፣ የአጥር ችካል መጋደል፣ የምንጭ ውሃ መቀነስ አብረው ከታዩ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

4. ክትትል፦ ዛሬ የሚጀመር ሥራ

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችን ትልቅ ሀብታችን ነው። ሁለተኛው ደረጃ ማረጋገጫ ካርታ አለው፤ ወሰኑንና ስፋቱን ያሳያል። ይሁን እንጂ የማሳውን ከፍታ አያሳይም። መሬት ሲሰምጥ ወሰኑ አይለወጥም፣ ስፋቱም ያው ነው። የጠፋው ከፍታው ነው። ከፍታው አስቀድሞ ካልተመዘገበ 1 ሜትር መውረዱን በምን እናስረዳለን? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሀ/ መነሻ ነጥብ። ከቁፋሮው ክልል በደንብ ርቆ በማይነቃነቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በጽኑ አለት ላይ፣ የቀለም ምልክት ይደረግ። ልኬቱ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። መነሻው ራሱ አብሮ ከሰመጠ ልኬቱ ሁሉ ሐሰት ይሆናል።

ለ/ የችካል መስመር። ከዳር እስከ ዳር ማሳውን አቋርጦ በየ10 ሜትሩ ችካል ይተከል፤ ቁጥርም ይሰጠው። የከፍታ ልዩነቱን ለመለካት እርከን ስንቀይስ የምንጠቀምበት ሁለት ዘንግ፣ ገመድና የውሃ ልክ ይበቃል። ብዙዎቻችሁ በተፋሰስ ሥራ ላይ ይዛችሁታል። ነገር ግን የገመዱ ስህተት በየ10 ሜትሩ እየተደመረ ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ ልኬት ለውጥ መኖሩን ለማወቅ እንጂ ለመጨረሻ ማስረጃ አይበቃም። ለማስረጃ የሚሆነውን የመጀመሪያ ልኬት በቀያሽ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ሊወስደውና ቅጂው በቀበሌ ሊቀመጥ ይገባል።

ሐ/ ስንጥቅን መለካት። ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ሁለት ችካል ተክሎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር በየሳምንቱ መለካትና መጻፍ ነው። ከሳምንት ሳምንት የሚሰፋ ከሆነ መሬቱ ገና በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ለወራት አንድ ዓይነት ሆኖ ከቆየ ረግቷል ማለት ይቻላል።

መ/ ውሃን መለካት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ሥር አስቀምጦ ለመሙላት የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ነው። በ40 ሰከንድ ይሞላ የነበረው በ80 ሰከንድ ከሞላ ውሃው በግማሽ ቀንሷል። ምንጭ በበጋም ስለሚቀንስ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያለበለዚያ «ድርቅ ነው» ለሚል ሰው መልስ አይኖረንም። የእጅ ጉድጓድ ላላቸው ደግሞ ከአፉ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በገመድ መለካት ነው።

ሠ/ ፎቶግራፍ። በእጃችሁ ባለው ስልክ ቤቱን፣ ግድግዳውን፣ ምንጩንና ማሳውን ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በየወቅቱ አንሱ፤ ቀኑን መዝግቡ።

ከዚህ በላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ሕዋ የተላከው ሴንቲኔል-1 ሳተላይት የሚሰበስበው መረጃ በነጻ የሚገኝ በመሆኑ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የመሬትን መውረድ ከሕዋ ሊለኩበት ይችላሉ። ሰብልና ዛፍ በበዛበት ቦታ ግን ሥራው ይቸገራል። ስለዚህ ሳተላይቱ ችካሉን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

5. ጥገና፦ ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን መጠበቅ

በመጀመሪያ ደረጃ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መሬት አይጠገንም። ሁለተኛ፣ የላይኛው ለም አፈር ከማንኛውም ሥራ በፊት ተነሥቶ ለብቻው ይከመር። ይህ አፈር ከሥረኛው ጋር ከተቀላቀለ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው።

ስንጥቅ። አርሶ ማልበስ መፍትሔ አይደለም። ውሃው ከሥር መንገዱን ይዞ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ክረምት የባሰ ጉድጓድ ይከፍታል። ስንጥቁን ተከትሎ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ቦይ መቆፈር፣ የሸክላ ጠባይ ባለው እርጥብ አፈር በስሱ እየሞሉ በደንብ መደቅደቅ፣ በመጨረሻ ለም አፈሩን መመለስ ነው። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራ።

ድንገተኛ ጉድጓድ። ቅድሚያ አጥሩት። የአፉ ዳር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ጠጋ ብሎ ማየት አይፈቀድም። ወደ ውስጥ መግባትማ ከቶ አይታሰብም፤ ከሥር የታመቀ መጥፎ አየር ሰው ይገድላል። ጭስ ወይም ትኩሳት ከወጣበት ከሰሉ ከሥር እየነደደ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ለቀበሌ ይነገር። ቆሻሻና የሞተ ከብት አይጣልበት፤ ውሃችንን ይመርዛል። ባለሙያ አይቶ ሲፈቅድ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ የተደቀደቀ ሸክላ፣ በላዩ ለም አፈር ይሞላል። ኋላ ስለሚረግጥ አናቱ ትንሽ ከፍ ይበል። ጉድጓዱ እስከ ቁፋሮው የሚዘልቅ ከሆነ ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው። በሲሚንቶ መዝጋት ስለሚጠይቅ የቆፋሪው ድርጅት ሥራ ነው።

ሰርጓዳ ማሳ። ዋናው ጠላት የተኛ ውሃ ነው። ውሃው የሚወጣበት ዝቅተኛ ቦታ ካለ በሣር የተሸፈነ የውሃ መውረጃ ይሠራለታል። ከሌለ ለም አፈሩን አንሥቶ ከፍ ያለውን ቆርጦ ዝቅ ያለውን መሙላት፣ ከዚያ ለም አፈሩን መልሶ ማልበስ ነው። ከባድ መኪና የረገጠው መሬት ስለሚጠጥር በጥልቀት ይታረስ፤ ኮምፖስት ይጨመርበት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቄላ ወይም ሌላ ጥራጥሬ ይዘራበት። እርከንና የመስኖ ቦይም እንደገና ይቀየሳል፤ ቁልቁለቱ ስለተለወጠ የድሮው እርከን ውሃውን ወደ ስንጥቁ ሊመራው ይችላል።

6. ለአመራሩና ለዩኒየናችን የማቀርበው አሳብ

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ ለተጎዳ አካባቢ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ደንግጓል። ስለዚህ የምንጠይቀው ልመና አይደለም። የምንጠይቀውም ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አንደኛ፣ ከመሬት በታች ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የማሳዎች ከፍታ፣ የምንጮችና የቤቶች ሁኔታ ተለክቶ አንዱ ቅጂ በቀበሌ፣ አንዱ በዩኒየኑ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የቁፋሮው ካርታ ጥልቀቱንና ምሰሶ የቀረበትን ቦታ እያሳየ በየዓመቱ ለወረዳው ይሰጥ። በኢሊኖይ የድሮ ቁፋሮዎች ካርታ በጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ተጠብቆ ሕዝቡ ያየዋል። ካርታው የጠፋ ቁፋሮ የት እንዳለ የሚታወቀው ሲደረመስ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በውሉ ውስጥ በተወሰነው ክልል የሚደርስ መስመጥ ከቁፋሮው የመጣ ነው ተብሎ እንዲገመት ይጻፍ። የማስረዳት ሸክሙ አቅም ባለው ላይ ይሁን።

አራተኛ፣ ለጥገና የሚያዘው ገንዘብ ቁፋሮው ባለቀ ማግስት አይለቀቅ። በምሰሶ ለተሠራ ቦታ በተለይ ረዘም ያለ ጊዜ ይያዝ።

አምስተኛ፣ ዩኒየናችን በየመሠረታዊ ማኅበሩ ሁለት ሁለት አባላት መርጦ ያሠልጥን፤ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው። ምንጩ መቀነሱን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ውሃ የምትቀዳው ናትና። ሥልጠናውን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ለመስጠት ዝግጁ ነን። የሚያስፈልገው ችካል፣ ገመድ፣ ውሃ ልክና ደብተር ነው፤ ይህ ደግሞ ከዩኒየናችን አቅም በላይ አይደለም።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከሰሉ ይውጣ አይውጣ የሚለውን የሚወስነው ሌላ አካል ነው። የማሳችንን ልክ አስቀድሞ መያዝ ግን በእጃችን ያለ ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ሣሩም ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የምንለካው መነሻ አናገኝም። በመሆኑም የመጀመሪያው ችካል በዚህ በጋ ይተከል እያልኩ ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።